በአፌ ያስነሣኋት ላም

አርብ፣ ጥር 5 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወፍጮው ዛሬ ሦስት ጊዜ ቆመ። ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጠሰ፣ ተሰፋ፣ እንደገና ተበጠሰ። ከተፍኪ ድረስ እህል በአህያ ጭነው የመጡ ሴቶች በር ላይ ተደርድረው እኔን ይራገማሉ። እኔ መዛኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁ! ግን ኦሮምኛ የምሰማው እኔ ስለሆንኩ እርግማኑም ወደኔ ነው የሚመጣው። አንዷ «የዚህ ወፍጮ ጌታ ጥርሱ እንዲህ ይቁም» አለች። ባለቤቱ «ምን አለች?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ያበርታህ አለች» አልኩት። ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ ለሮማነወርቅ ነገርኳት። ባለቤቴ ስቃ ስታበቃ «አንተ እኮ ሰው ከሚቀየምህ እውነት ቢታመም ይሻልሃል» አለችኝ። ነገር ትችልበታለች... ምን ላድርጋት።

እሁድ፣ ጥር 7

እዚህ ሰበታ፣ ጸሎት ቤት ዋልን። ሠላሳ ሰው ብንሆን ነው። ከስብከቱ ቀጥሎ እንደ ልማዳችን የምስክርነት ሰዓት ሆነ። ገበሬዎቹ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሠራተኞቹና ነጋዴዎቹ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ። ሦስት ዓመት ሙሉ። በሰው አፍ ስንት ጊዜ ታምሜ ስንት ጊዜ ድኛለሁ! «እኔ» እያልኩ ነው የምተረጉመው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ሲያበቃ ወንጌላዊ ጥሩሰው ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ከፋሲካ በኋላ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ለተፍኪ አካባቢ ወንጌላዊ ሊመድቡ ነው። «ያንተ ስም ተነሥቷል። ቋንቋውን ታውቃለህ፣ ሰዉ ይወድሃል» አሉኝ።

ምሳ አልበላልህ አለኝ። ከደስታ ነው። ከሚዛን ፊት ተነሥቼ የእግዚአብሔርን ቃል ይዤ መሄድ... ይህን ስመኝ ስንት ዓመቴ? ለማንም ግን አልነገርኩም ነበር። አሁን ተነሣ፣ ስሜ!

እሁድ፣ ጥር 14

ዛሬ አንድ ነገር አደረግሁ። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከቡራዩ እንግዶች መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ጥሩሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዛሬ ጥሩ ምስክርነት ቢሰማ ደስ ይለኛል» አሉኝ። ድንቅቱ ተነሣች። ድንቅቱ ከተፍኪ መንገድ ወዲህ ያለች ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፤ አማርኛ ከሰላምታ አታልፍም። እንደ ሁልጊዜዋ «ገለትኒ ከን ዋቃቲ» ብላ ጀመረች። ምስጋና የእግዚአብሔር ነው።

ላሜ ታመመች አለች። ተረጎምኩ። ያለችኝ የምትታለብ ላም እሷው ናት አለች። ተረጎምኩ። ሦስት ቀን ጾሜ ጸለይኩ አለች። ተረጎምኩ። የቡራዩ እንግዶች ዓይናቸው ፈጦ እኔን ያያሉ። እሷ ደግሞ ፊቷ በርቷል፣ ሳቋ ሊያመልጣት ደርሷል... እኔም በሆዴ ዳነችላት ማለት ነው አልኩ።

«በአራተኛው ቀን፣ ዱቴ» አለች። ሞተች።

እንዴት ነው በዚያ ፊት ሞተች የሚባለው? አፌ ከእኔ ቀድሞ «በአራተኛው ቀን ተነሥታ ቆመች!» አለ።

እልልታ! ቤቱ ተናጋ። ድንቅቱ እልልታውን ስትሰማ እሷም እልል አለች። ከዚያ ረጅም ነገር ቀጠለች፤ ስለ ዋርሳዋ ሚስት ስለ ገለቴ፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ወተት። እኔ ላብ አጥምቆኛል። «ጎረቤቶቿም አብረው ተደሰቱ» ብዬ በአጭሩ ዘጋሁት።

ሁለቱንም ቋንቋ አጣርተው የሚያውቁት ጋሼ ነገሳ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ ምንም አላሉም። በጉባኤ መሀል ሰው አይታረምም፣ ነውር ነው። ያ ይሉኝታ ዛሬ አዳነኝ። ወይስ ገደለኝ?

ሰኞ፣ ጥር 15

ቢሆንስ? ላም ናት እንጂ ሰው አይደለች። የሞተች ላም ማንን ወደ እግዚአብሔር ትጠራለች? ሰው የሚመጣው የዳነውን ሰምቶ ነው። ደግሞ እግዚአብሔር ሊያስነሣት ይችል የለም? ይችላል። እንግዲያው ውሸቱ ምኑ ላይ ነው...

እዚህ ላይ ላቁም። ወረቀቱ ራሱ እያየኝ ነው።

እሁድ፣ የካቲት 5

ጋሼ ነገሳ በር ላይ ያዙኝ። «አካም ጅርተ፣ እንዴት ነህ፣ ወንዳፍራሽ? ላሟ እንዴት ናት? ታለበች?» አሉኝ። ሳቁም፣ አልሳቁም። እኔ «ደኅና ናት» አልኩ። ደኅና ናት! ምን ዓይነት መልስ ነው?

እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ የካቲት 19

አቶ ጥሩሰው ከሱሉልታ ተመለሱ። ደስታቸው ልክ የለውም። የድንቅቱን ላም ቡራዩ ላይ ተናግረው አራት ሰው ለማመን ቀረበ። ሱሉልታ ላይ ሲናገሩ ደግሞ ሰዉ ቀድሞ ሰምቷታል፤ እንዲያውም አንዲት ሴት «ወለደች አሉ፣ መንታ» ብላ ጨምራላቸዋለች። «እውነት ነው እንዴ?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

መንታውን እንኳ አልሰማሁም አልኩ። ይህ እውነት ነው። ከወር ወዲህ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ሮማነወርቅ ያን ሁሉ ሰምታ «ላሚቱን አይተሃታል?» አለችኝ። በወጡ አሳብቤ ተነሣሁ። ጨው በዝቶበታል አልኩ። ጨዉ ልክ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ወፍጮ ቤት አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። እህል አልያዙም፤ ዱላቸውን ብቻ። ኢቲቻ እባላለሁ አሉ፤ እኔ ኦቦ አልኳቸው፣ አቶ እንደማለት ነው። ሚዛኑ አጠገብ ቆመው የተደረደረውን ጆንያ ሁሉ እስክመዝን ጠበቁኝ። ከዚያ «የድንቅቱን ላም የተናገርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

አዎን አልኩ።

በሬያቸው ታሟል። ከጥማዱ አንዱ፣ የቀኙ፣ መብላት ካቆመ ሁለት ቀን ሆኖታል። «እኔ የእናንተን ነገር አላውቅም። ዋቃን ግን አውቀዋለሁ፣ በጸሎታችሁ ላም ካስነሣ በሬም አያቅተውም። ኑልኝ» አሉ።

ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። ሰው እየሰማ ነው፣ ወፍጮው ይጮኻል... ሰበብ አላጣም እኔ። «እንመጣለን» አልኳቸው። እጄን ሳሙት። ሽበታሙ ሰውዬ እጄን ሳሙት!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ከአቶ ጥሩሰው ጋር ሄድን። በሬው ተኝቷል፤ ትልቅ፣ ቀይ በሬ። የኦቦ ኢቲቻ ሚስት መሬት ላይ ጎዝጉዘው አስቀመጡን። ጸለይን። እኔም ከልቤ ጸለይኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። ለበሬው ይሁን ለራሴ ለይቼ አላውቀውም። ይህ በሬ ከተነሣ የእኔም ነገር ይስተካከላል ብዬ ሳስብ ያዝኩት ራሴን። አየህ የሰው ልብ!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

በሬው ሞተ።

ኦቦ ኢቲቻ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። አልተቆጡም። ዱላቸው ላይ ተደግፈው «ዋቃ የሷን ቤት ያውቃል፣ የእኔን ቤት አያውቅም ማለት ነው» አሉ። «ሚስቴን ጠየቅኋት። ምን አጥፍተሽ ነው አልኳት። አርባ ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ታለቅሳለች አሁን።»

ጆንያ አነሣሁ፣ ጆንያ አስቀመጥኩ። ሄዱ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ለሮማነወርቅ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ሞታለች እንግዲህ ላሚቱ።»

«ሞታለች።»

«ሽማግሌውስ ሚስታቸውን አስለቅሰዋል።»

«አዎን።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ላም የለኝ፣ በሬ የለኝ። ለባለቤቶቹ ሂድ!»

ወንጌላዊነቱስ አልኳት። አየችኝና «ስሙ ነው የሚያምርህ ወይስ ሥራው?» አለችኝ። ይቺን ሴት ማን ሰጠኝ? ተናደድኩባት። ልክ ናት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 16

ድንቅቱ ቤት ሄድኩ። ገለቴም ነበረች፤ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ያደረግሁትን በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ተቀመጥ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም።

በመጀመሪያ ድንቅቱ ሳቀች። «ለዚያ ነው እልል ያላችሁት? እኔ ለገለቴ መስሎኝ!» ሳቋ እየቆየ ቆመ። ፊቷ ጠቆረ። «ላሜን አስነሣሃት፣ ገለቴን ግን ቀበርካት» አለችኝ።

ከዚያ ያኔ በአጭሩ የዘጋሁትን ነገር እንደገና ነገረችኝ። ከገለቴ ጋር ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር፤ በቦይ ውሃ ተጣልተው። ያኔ ድንቅቱ ሦስት ቀን የጸለየችው ላሜን ማርልኝ ብላ ነው። ላሟ ሞተች። በድኑን ብቻዋን ስባ ገደል ማድረስ አልቻለችም፤ ልጆቿ ትንንሽ ናቸው፣ ውሻ እየተሰበሰበ ነው። እሷ እንባዋን ስትጠርግ ገለቴ ገመድ ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም። ሁለቱ አንድ ገመድ ይዘው ግማሽ ቀን ጎተቱ። አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ! ሲጨርሱ ገለቴ «ልጆቹ ምን ጠጥተው ያድራሉ?» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ወተት ትልካለች።

«ለላም ማን ቆሞ ይመሰክራል?» አለችኝ ድንቅቱ። «ላም ትሞታለች። ሰባት ዓመት የሞተ ነገር ሲነሣ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እሱን ነው የተናገርኩት። አንተ አልተረጎምከውም።»

ገለቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ምስሩን ትለቅማለች። ሰፌዱ ውስጥ ጠጠር አልነበረም፣ እንዲሁ ጣቷ ይሄዳል። እኔ አለቀስኩ። እንዴት አላፍር... ወንድ ልጅ ከሁለት ሴት ፊት።

ከዚያ ሦስታችንም ተነሥተን ኦቦ ኢቲቻ ቤት ሄድን። ከውጭ ቆመው ሰሙኝ። ሚስታቸው ከበር ጀርባ ናቸው።

«ዱቴ?» አሉ ወደ ድንቅቱ ዞረው።

«ዱቴ፣ ኦቦ። እንደ እርስዎ በሬ።»

እኔን አንዴ እንኳ አላዩኝም። ወደ ቤት ገብተው ለሚስታቸው አንድ ነገር ሲያጉተመትሙ ሰማሁ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ለመስማትም አልሞከርኩ። የእኔ አልነበረም።

ሰኞ፣ መጋቢት 18

አቶ ጥሩሰው ቤት። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸውን ይዘው «ሦስት ከተማ ተናግሬያታለሁ እኮ፣ ወንዳፍራሽ... ሦስት ከተማ!» አሉ። ቡራዩ ላይ የቀረቡትን አራት ሰዎች በስም ጠሩልኝ። አንድ በአንድ። ከስድብ ይከብዳል።

«ስለ ተፍኪው ምንም ልልህ አልችልም» አሉኝ ሲሸኙኝ።

አውቃለሁ አልኳቸው። አብረን ደጅ ወጣን። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ የበልግ፤ ጃንጥላቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለተፍኪ ሌላ ሰው መድበዋል፤ ከሆለታ የሚመጣ ወጣት። እኔ ለጊዜው ከትርጉምም እንድቆይ ተወሰነ። ጋሼ ነገሳ ሊነግሩኝ ወፍጮ ቤት ድረስ መጡ። ዱቄት የነካው ቆባቸውን እያራገፉ «እኔም ጥፋት አለብኝ። ያኔ ጉሮሮዬን ከምጠርግ አፌን ብከፍት ይሻል ነበር» አሉኝ።

የሚገርመው... ከብዶኝ ነበር፣ አዎን። ግን ምሳዬን በላሁ። ሁሉንም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 5

ነገ የሦስቱ ከተማ ጉባኤ እዚህ ሰበታ ነው። ቡራዩም ሱሉልታም ይመጣሉ። አቶ ጥሩሰው ድንቅቱ ምስክርነቷን እንደገና እንድትሰጥ ጠየቋት። የላሟን ነገር በዚያ ሊያቀኑ ነው። የሚተረጉሙት ጋሼ ነገሳ ናቸው። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሮማነወርቅ ሸሚዜን ተኩሳልኛለች፤ «ከኋላም ቢሆን ንጹሕ ሁን» ብላ።

እሁድ፣ ግንቦት 6

ከየት ልጀምር!

ግቢው ሞልቷል። ድንቅቱ ተጠራች፣ ገለቴን በእጇ ይዛ ወጣች። ጋሼ ነገሳ አጠገቧ ቆሙ። ድንቅቱ ግን አፏን አልከፈተችም። ሰዉ ጠበቀ። ጋሼ ነገሳ ምነው አሏት። «የቀማኝ እሱ ነው፣ እሱ ይመልስልኝ» አለች፤ በጣቷ ወደ እኔ።

አቶ ጥሩሰው ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው። ጋሼ ነገሳ ቦታቸውን ለቀው ወረዱ። ሮማነወርቅ ከጎኔ በክርኗ ጎሸመችኝ። ወጣሁ።

ጀመረች። ታመመች፣ ጸለይኩ፣ ሞተች። «ሞተች» አልኩ። የሱሉልታ ሰዎች ተንጫጩ። ድንቅቱ ቀጠለች፣ አንድ በአንድ፣ እያየችኝ፣ እስክጨርስ እየጠበቀች፦

«ይህ ሰውዬ ግን አልሞተችም አላችሁ።»

ምን ልሁን? ደንቡ ደንብ ነው። «ይህ ሰውዬ ግን አልሞተችም አላችሁ» አልኩ።

«ውሸቱን ነው።»

«ውሸቱን ነው።»

«እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ጥቂት ተቀይሜዋለሁ።»

«እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ጥቂት ተቀይሜዋለሁ» ስል ያ ሁሉ ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ጥሩሰው ሳይቀሩ። እኔም እየሳቅሁ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ የገመዱ ነገር መጣ። ሳቁ ጠፋ። ግማሽ ቀን አንድ ገመድ ይዘው ሲጎትቱ፣ ሳይነጋገሩ... «ልጆቹ ምን ጠጥተው ያድራሉ አለችኝ» ብዬ ስጨርስ እልልታ የለም። ከመሀል አንዲት የቡራዩ ሴት ተነሥታ ወጣች፤ ደጅ ላይ ከእህቷ ጋር ተቃቅፈው ሲላቀሱ አየን። ዓመታቸው ነበር አሉ ሳይነጋገሩ።

አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እስከ ዛሬ እኔ ካልደገፍኩት የእግዚአብሔር ነገር የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። ቆሞ የሚሄድ ነገር ኖሯል።

ኦቦ ኢቲቻ በአጥሩ ውጭ ቆመው ሰምተዋል። ሰላም ሳልላቸው ሄዱ።

አርብ፣ ግንቦት 18

አቶ ጥሩሰው ሱሉልታ ሄደው ነበር፣ ጉባኤ ያልመጡትን ሊያስረዱ። አንዳንዶቹ «ላሟ ሞተች የሚሉት ምቀኞች ናቸው» ብለው አሻፈረን ብለዋል አሉ። «መንታዎቹንም አንመልስም ማለት ነው!» አልኳቸው። ተሳሳቅን። ቤታቸው ሄጄ ከነገርኳቸው ዕለት ወዲህ ሁለታችን ብቻ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ከጉባኤው በኋላ ትርጉሙን መልሰውልኛል። ወንጌላዊነቱ ቀርቷል። ከሆለታ የመጣው ልጅ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ዛሬ ወፍጮ ቤት መጥቶ ኦሮምኛውን እንዳቀናለት ለመነኝ።

እሁድ፣ ሰኔ 11

ዝናቡ ጠዋት ቆመ። ምስክርነት ሰዓት ላይ ኦቦ ኢቲቻ ከበሩ አጠገብ ተነሡ። ገብተው እንደተቀመጡ እንኳ አላየሁም ነበር። ዱላቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ቆሙ። አጠገባቸው ሄድኩ። ወደ ላይ ወደ ታች አዩኝ፣ ከዚያ ጀመሩ።

በሬዬ ሞቷል አሉ። ዛሬም ሞቷል። አንድ በሬ ይዤ ቀረሁ፣ በአንድ በሬ አይታረስም። ድንቅቱም ያላት አንድ በሬ ነው። መቀናጆ እንግባ አለችኝ፤ የሷን ከእኔ ጋር ጠምደን የእኔንም የሷንም መሬት አረስን። ጤፍ እየዘራን ነው። ለዚህ ገለትኒ ከን ዋቃቲ አሉ።

ተረጎምኩ። ሰዉ እልል ሊል ሲል እጃቸውን አነሡ፣ አልጨረሱም።

«ሚስቴን ያልኳት ቃል ግን አሁንም ያመኛል። ዋቃንም ተቀይሜዋለሁ። ልቤ ገና አልረጋም።»

አቶ ጥሩሰው ቀና ብለው አዩኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር... «ግን አምኛለሁ» የምትል ትንሽ ነገር፣ ማንንም የማትጎዳ። ዋጥኳት። «ዋቃንም ተቀይሜዋለሁ። ልቤ ገና አልረጋም» አልኩ፤ በተናገሩት ልክ።

ማንም እልል አላለም። ጋሼ ነገሳ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

ሲያበቃ ደጅ ላይ ጠበቁኝ።

«ሁሉን ነገርካቸው?»

«ሁሉን ነገርኩ፣ ኦቦ።»

«የተቀየምኩትንም?»

«የተቀየሙትንም።»

ዱላቸውን ከመሬት አነሡ። «እንግዲያው የሚመጣው እሁድ ሚስቴን ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ።